የተናኘወርቅ እጅ

«ይህ ሰው ውሸታም ነው፣ ይላል» አለ ሃድጉ፣ የጣሊያናዊው ሐኪም አስተርጓሚ። ሐኪሙ የተናገረው ከዚህ ይረዝማል፤ ሃድጉ ግን ትልቅ ሰው ማዋረድ የሚከብደው ጨዋ የሐማሴን ሰው ስለሆነ ሌላውን ውጦ ይህችን ብቻ አወጣት። እሷም በቃች። ካቦ ተከስተ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ብብቱ ሰብስቦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ክንዱ ላይ የተጠመጠመው የደም መለኪያ ጨርቅ ገና አልተፈታም፤ የጎማው ትንፋሽ እስስ እያለ ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ፣ ካዛንቺስ ላይ ለጣሊያን ሹማምንት ከሚሠሩት ቤቶች የስንቱን ማዕዘን በቱንቢ ያቀና፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ድምፁን ሲሰማ ቀጥ የሚልለት ሰው፣ ውሸታም ሲባል የገዛ ጉልበቱን ያያል። ክፍሏ በሥራው ግቢ ጥግ ከሳንቃ የተሠራች ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መደገፊያ የሌለው ወንበር፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የመድኃኒት ሽታ። ሚስቱ ተናኘወርቅ በሩ ሥር ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምታወጣውን ጫማ ተጫምታ የመጣችው ሐኪሙ «የምታበስልልህን ሴት ይዘህ ና» ስላለ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ነው። ተከስተ መወጣጫው እንጨት ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲያስተካክል ዓይኑ ጨለመበት፣ ነስር ፈነዳበት፣ ሁለት ሰው ደግፎ አወረደው። ሐኪሙ ክንዱን በዚያ ጨርቅ አንቆ፣ በመለኪያው የብርጭቆ ቧንቧ ውስጥ የምትወጣዋን ብርማ ፈሳሽ ሲያይ ቆይቶ፣ ደምህ በዝቷል አለው። ለዚህ የሚሰጥህ መርፌም ኪኒንም የለኝም፤ መድኃኒቱ ያለው ባፍህና በእግርህ ነው አለው። ጨው ተው፣ ጠጅና አረቄ ተው፣ ሆድህን ቀንስ፣ ሥራ ሲያልቅ ካሚዮን ላይ አትንጠልጠል፣ በእግርህ ግባ፣ በጊዜ ተኛ። ተከስተም ተወ። ከጠጅ ቤት ሲቀር ጓደኞቹ «ካቦ መነኮሰ» ብለው ሳቁበት። ከካዛንቺስ ቂርቆስ ድረስ ዝናቡን እየተቀበለ በእግሩ ተመላለሰ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፍቶ በገመድ አሰረው። በነሐሴ ሐኪሙ ለክቶት «ብራቮ!» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። አሁን ኅዳር ነው፤ ያች ፈሳሽ ተመልሳ ሰኔ ላይ የነበረችበት ወጥታለች።

«ዝናቡ ሳለ ወርዶልህ ነበር። ጨው ሳትበላ ተመልሶ እንዲህ አይወጣም» አለ ሃድጉ፤ አሁን ሳይውጥ ተረጐመው። «እስከ ገና ካልወረደ ከሥራው ያሰናብቱሃል። ሥራውስ ይቅር፣ አንድ ጧት ምላስህ ታስሮ፣ ግማሽ ገላህ በድን ሆኖ ትነሣለህ ይላል። ያውም ከተነሣህ ነው።» ሐኪሙ ወደ በሩ ዞረና ተናኘወርቅን በጣቱ ጠቆማት። «ሳሌ?» አላት። ጨው ማለቱ እንደሆነ ሃድጉ ሳይነግራት ገባት።

«እኔ? ቂርቆስን! ከሰኔ ወዲህ ድስቴ ጨው አያውቅም!» አለች። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት። «እህቱን ይጠይቁልኝ፤ ተደብቃ የምታበላው እሷ ናት።»

ሃድጉ ይህንንም ተረጐመ፤ ሐኪሙ እንደ ገመትኩት ነው እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ። ተከስተ ከጉልበቱ ላይ ቀና ብሎ ሚስቱን አያትና መልሶ አቀረቀረ። ተናኘወርቅን ከሁሉ የበለጠ ያበገናት ይኸው ዝምታው ነው።

ውጭ፣ የተጠረበው ድንጋይ ከተከመረበት ሲደርሱ ቆመችበት። ተናኘወርቅ ባሏን አንቱ ስትል የኖረች ሴት ናት፤ በፍቅራቸውም፣ በጥላቸውም፣ ልጃቸውን በቀበሩ ዕለትም አንቱ ነበር። ያን ቀን ግን «ማል!» አለችው። «እውነትህን ከሆነ ማልልኝ!» ድንጋይ በባሬላ የሚያመላልሱት የቀን ሠራተኞች ባሬላውን መሬት አስቀምጠው ያዩ ጀመር። ተከስተ ከመሐላው ይልቅ በ«አንተ» መባሉ የደነገጠ ይመስላል። ባርኔጣውን አወለቀና ከባሕር ዛፉ በላይ ወደሚታየው ወደ ኡራኤል ጣሪያ ዞረ። «ኡራኤል ይፍረደኝ፤ ከመስቀል ወዲህ ካንቺ እጅ በቀር የማንንም ወጥ አልቀመስኩም» አለ። ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሰው እንዲህ ሲምል ማመን ነው ወግ። ተናኘወርቅ ግን «አላምንህም» አለችው፣ ያውም ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ፣ ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታው ቁልቁል ወረደች።

እንግዲህ ተናኘወርቅ ክፉ ሴት አይደለችም። ከዚህ ብጀምራት ክፉ መሰለች እንጂ፣ ሰፈሩን ብትጠይቁ ስለሷ የሚነግራችሁ ሌላ ነው። አባቷ ማታ በደህና ተኝተው ጧት አፋቸው ተጣሞ ነው የተነሡት፤ ክረምቱን በሙሉ አጥሚት በማንኪያ ስታጎርሳቸው፣ ግማሹ በጺማቸው ላይ ሲወርድ፣ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አሳልፋዋለች። አንዴ ሊነግሯት የፈለጉትን ነገር መናገር አቅቷቸው እንባቸው መጣ፤ ያን አትረሳውም። ሐኪሙ ግማሽ ገላህ በድን ይሆናል ሲል የታያት የባሏ ጺም ነው። ታዲያ የሷ ፍርሃት ሲወጣ በቁጣ ይወጣል፣ ምን ታርገው፣ አፈጣጠሯ ነው። ወንዙን ተሻግራ ወደ ቂርቆስ ዳገቱን ስትወጣ ለራሷ እየተሟገተች ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ለነፍሱ ብዬ አይደል? ከልጅነቱ ያሳደጋት እህቱ ብትሆንስ፣ ካልገደልኩት ስትል ዝም ልበላት?

እህቱ እጸገነት ናት። በየካቲቱ ቃጠሎ ጎጆዋ ሲነድ እነሱ ዘንድ ተጠግታ ዓመት ያህል አብራቸው ኖረች። ኋላ ካዛንቺስ ለጣሊያን ቤተሰቦች ልብስ አጣቢ ሆና እዚያው ጓሮ አንዲት ክፍል ሰጧት። ለወንድሟ ሥራ ቅርብ ስለሆነች ክረምቱን ምሳውን እሷ ዘንድ ይበላ ነበር፤ ተናኘወርቅም ሰሐን አስሮ ከመላክ ተገላገልኩ ብላ መርቃታለች። ነገር የመጣው «ካቦ ከእህቱ ቤት ሲወጣ እየሳቀ ነው» ብለው የነገሯት ዕለት ነው። እየሳቀ! ቤቱ ገብቶ የሷን ወጥ አመድ እንደሚቅም ሰው ፊቱን አጨማዶ የሚውጥ ሰው! ጣሊያኖቹ ለአጣቢዋ ፓስታና በጨው የታሸ ሥጋ ይሰጧታል ሲባልም ሰምታለች። በመስቀል ማግሥት ቀትር ላይ ሳትጠራ ሄዳ ደረሰችባቸው። ወንድምና እህት አንድ ሰሐን ላይ አጎንብሰው ሳቃቸው ከውጭ ይሰማል። ሰሐኑ ውስጥ ያለውን አላየችም፤ ሳቁን ሰምታ ደሟ ፈላ። «ወንድምሽን ልትገድይው ነው!» ብላ ጮኸች። እጸገነት ተነሥታ «እትዬ ተናኘ፣ በርበሬው እኮ...» ማለት ስትጀምር፣ «በርበሬዬን ደግሞ ምን አገባሽ! እኔን ሙያ ልታስተምሪኝ ነው?» ብላ አፏን አዘጋቻት። ከዚያ ወዲህ ተከስተ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ይወጣል። እጸገነትም የወንድሟን ደጃፍ አልረገጠችም። እሱ በማን ይፍረድ?

ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት፤ ግድግዳዋ በጣሊያን ጋዜጣ ተለጥፎ የማይነበብ ጽሑፍ ሞልቶታል። ከውስጠኛዋ ክፍል ወራጅ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ አሞሌ ተንጠልጥሏል። በሰኔ ነው የሰቀለችው፣ «ጨው ታሰረ» ብላ ተከስተን ያሳቀችበት፤ ቋጠሮውንም እሷ ብቻ በምታውቀው አኳኋን ነው የቋጠረችው። አሁን በርጩማ ላይ ወጥታ ዳሰሰችው። ቋጠሮው አልተነካም፣ የክረምት አቧራ ጠጥቷል። እንግዲያው ከዚህ ቤት አልወጣም፤ እንግዲያው ከውጭ ነው የሚበላው። ይህን ስታረጋግጥ ልቧ ማረፍ ነበረበት፤ ግን አላረፈም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ኡራኤል ሲዞር ፊቷ ላይ እየመጣባት ተቸገረች። ተከስተ መቼ ዋሽቶ ያውቃል? ሰውየው እኮ ውሸት አያውቅበትም፤ ስጦታ ገዝቶ እንኳ መደበቅ የማይችል ሰው ነው። ይህን ይህን ስታስብ ጎረቤቷ ቡዜ ከአጥር ወዲያ ተጣራች። «ተናኝዬ! ኧረ የት ቀረሽ፣ ተወቅጦ አልቋል እኮ፣ ያንቺ እጅ ብቻ ነው የቀረ!»

ቡዜ ለጥር ልጇን ትድራለች፣ ዛሬ የሰርጉ በርበሬ ይወቀጣል። በዚያ ሰፈር በርበሬ ሲወቀጥ ዘነዘና የማታነሣ ሴት የለችም፤ ቅመሙንና ጨውን የምታገባው ግን አንዲት ናት፣ እጇ የተመሰገነላት። እጅ ማለት እንግዲህ ሚዛን ነው፤ ሰው አይማረውም፣ ይዞት ይወለዳል ይላሉ። በቂርቆስ ሰፈር ያች ሴት ተናኘወርቅ ናት። ለቅሶ ሆነ ሰርግ፣ ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ ሳይጠሯት በርበሬ የሚያዘጋጅ የለም። እሷም ትኮራበታለች፤ ሌላ ምን አላት። ግቢው ውስጥ ሁለት ሙቀጫ ተተክሎ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ያስነጥሳሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የሙሽራዋን አማት ያማሉ። ሰሌኑ ላይ የተሰጣው በርበሬ ዓይን ያቃጥላል። አንዷ «አሞሌም ከበረልኝ፣ ዱሮ ልጅ የሚልሰው ዛሬ በሊሬ ይጠየቅበት ጀመር» ትላለች፤ ሌላዋ «ሁሉም ነገር ከበረ፣ ሰው ብቻ ረከሰ» ትላታለች፤ ከዚያ ዘነዘናው ብቻ ይሰማና መልሶ ይሳቃል። ተናኘወርቅ ቅመሙን አገባች፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን፣ አንዱንም ሳትለካ። ወዲያው ቡዜ ተቆልቶ የተወቀጠውን ጨው በገበቴ ሞልታ አምጥታ ከፊቷ አስቀመጠችላት።

«እንግዲህ ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ!» አለች ተናኘወርቅ እንደ ወትሮዋ፤ ሴቶቹም እንደ ወትሯቸው ሳቁላት። በሁለት እጇ ዝቃ በተነች። ደገመች። ቡዜ ከጎኗ ቆማ ታያለች።

«አትሰስቺበት ተናኝዬ፣ የሰርግ ነው። አምና ለራስሽ ያገባሽውን ያህል አግቢበት» አለች ቡዜ። «ያን በርበሬሽን ያበደርሽኝ ጊዜ እኮ፣ እኔ ሞኚት ወጤ ላይ ሌላ ጨው ጨምሬ፣ ማን ይብላው! ለውሻም አልሆነ፣ ደፋሁት። ያንቺ በርበሬ የገባበት ወጥ ጨው ምን ያደርግለታል!»

የተናኘወርቅ እጅ ገበቴው ውስጥ ቀረ። አምና። አምና በኅዳር፣ በገዛ ግቢዋ፣ እንዲሁ በሁለት እጇ። ከዚያች ማሰሮ አይደል ወጥ ሁሉ የሚሠራው? ሽሮውስ በዚያው በርበሬ አይደል የተደለዘው? ጨውን ከጣሪያ ሰቅላ፣ ቋጠሮውን ስትጠብቅ፣ በየማታው ከማሰሮው እየጨለፈች ስታበላው ነበር። ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ምሳውንም። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ጨው ሲቀርበት እንዳይመረው፣ እንዳይሰለቸው ብላ፣ እሷው በፍቅሯ፣ በርበሬውን ከዱሮው አብዝታ ታደርግለት ነበር። «ዛሬ ከፍ አድርጌልዎታለሁ» ትለው ነበር እንጂ። «እግዜር ይስጥሽ» ይላት ነበር። ዱሮ ድስቱም በርበሬውም ጨው ነበረው፤ የድስቱ ሲቀር ምላሳቸው ጨው የጠፋ መሰለው። እንጂ ጨውስ የትም አልሄደም።

«ምነው? ዓይንሽ ገባ?» አለች ቡዜ።

«ገባ» አለች ተናኘወርቅ። እንባዋን ሁሉም ያያል፤ በርበሬ መሃል የሚያለቅስ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። እጇን ከጨው አወጣችና አራገፈችው፣ ደግማ አራገፈችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው። «የቀረውን አንቺ ጨርሺው ቡዜ፣ እኔን አሞኛል» ብላ ተነሣች። ሴቶቹ ተያዩ። ተናኘወርቅ የጀመረችውን በርበሬ ትታ ስትሄድ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም።

ጓዳዋ ገብታ የማሰሮውን ክዳን አነሣች። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ነክታ ላሰችው። መጀመሪያ አቃጠላት፤ ማቃጠሉ ሲያልፍ ምላሷ ላይ የቀረው ጨው ነው፣ ጨው ብቻ። ዕድሜ ልኳን ያልተሰማት አሁን ተሰማት። እናንተዬ፣ ሰው በገዛ እጁ እንዲህ ይሠራል? መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ አሰበችው። ሐኪሙ ፊት የወረወረችውን ቃል አሰበች፤ «አላምንህም» ያለችው ሠራተኞቹ እያዩ ነው። መሐላውን አሰበች። ካንቺ እጅ በቀር አልቀመስኩም ሲል እኮ የበሽታውንም ምንጭ መንገሩ ነበር። ከሁሉ ከሁሉ ግን «በርበሬው እኮ...» የምትለዋ የእጸገነት ቃል መጣችባት። እንዳትጨርሰው ያደረገቻትን ነገር አሁን ጨረሰችው። ምላሴን ቁረጠው አለች፣ ጮክ ብላ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ክረምቱን የወረደለት እህቱ ዘንድ ሲበላ ነው፤ የወጣበት ከእህቱ ከከለከለችው ወዲህ ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ትንሽ መስማት ነበር የሚያስፈልግ።

ካዛንቺስ ለመድረስ በሥራው ግቢ በኩል ማለፍ አለባት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፈነች። ተከስተ መወጣጫው ላይ አይደለም፤ ሐኪሙ ካስወረደው ቆይቷል። መሬት ላይ ተቀምጦ የተበላሸውን ድንጋይ ከደህናው ይለያል፤ የዚያን ሥራ ደንብ ያስተማራቸው ሰዎች ከበላዩ ይሠራሉ። አጠገቡ ለምሳ የቋጠረችለት ሰሐን እንደታሰረ ነው። አልበላውም። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትጥራው? አንቱ ትበል፣ አንተ ትበል? አፏን ዘግታ አለፈች።

እጸገነት ጓሮው ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። የጣሊያኖቹ ቤት ከፊት ነጭ ሆኖ ቆሟል፣ መስኮቱ አረንጓዴ፤ የሷ ክፍል ከኋላ ከእንጨት ማስቀመጫው ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ መደብ፣ አንድ ድስት፣ ከማንጠልጠያ ላይ አንድ ቀሚስ። እጇ በሳሙና ተሰንጣጥቋል። ተናኘወርቅን ስታይ ከውሃው ብድግ አለች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። «ጋሼ ምን ሆነ?» ነው ያለችው፣ ሌላ ቃል ሳይቀድማት።

«ደህና ነው። ደህና ነው።» ተናኘወርቅ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ ጠፋባት። «ያን ዕለት በርበሬው እኮ ስትይኝ... ምን ልትይ ነበር?»

እጸገነት እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አምና ሲወቀጥ ገበቴውን ይዤ ጨውን ያቀበልኩዎት እኔ አይደለሁም? እሱን ልልዎት ነበር።»

«ለሱስ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምን ልበለው? ሚስትህ እየገደለችህ ነው ልበለው? ትዳር መሃል መግባት ፈራሁ። ምሳው ከተስተካከለ ራቱን ይችለው ይሆናል ብዬ፣ ዝም ብዬ ጎመንና ክክ ያለ በርበሬ እቀቅልለት ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስቃችሁ ነበር?»

«ምግቡ ነዋ!» አለች እጸገነት፣ ሳታስበው ፈገግ ብላ። «ይህን ጎመን ላም ብትሰጫት ታኮርፍሻለች ይለኝ ነበር ጋሼ። እየተሳሳቅን ካልሆነ አይዋጥማ።» ፈገግታዋ ግን አልቆየም። «እኔም ጥፋት አለብኝ፣ እትዬ ተናኘ። አንዴ ስለጮኹብኝ ተቀይሜ ቀረሁ። መጥቼ በር ቆሜ ብናገር ምን ይሉኝ ነበር? ወንድሜን በኩርፊያዬ ጨው ሳስበላው ከረምኩ።»

ተናኘወርቅ እግሯ ሥር ልትወድቅ ጎንበስ ስትል እጸገነት ክንዷን ያዘች፤ «ኧረ በሕግ አምላክ! ትልቅ ሰው!» እያለች። «ተይኝ፣ አልጨረስኩም» አለች ተናኘወርቅ። «ዛሬ ሐኪሙ ፊት ስምሽን አንሥቻለሁ። እህቱ ናት የምታበላው ብያለሁ። እሱንም አስምዬ አላምንህም ብየዋለሁ፣ ሰው እየሰማ።» እጸገነት ክንዷን ለቀቀቻት። ከጎረቤት ቤት የሸክላ ዘፈን ይሰማል፣ አንዲት ጣሊያናዊት ልጇን ትጠራለች። ከዚያ እጸገነት ከውሃው አንሶላውን አወጣችና አንደኛውን ጫፍ ለተናኘወርቅ ዘረጋችላት። «ያዙልኝ እስቲ፣ ለብቻ አይጨመቅም» አለች። ሁለቱ ወዲህና ወዲያ ቆመው ጠመዘዙት። ውሃው በመሃላቸው ወረደ። አንሶላውን አስጥተው ሲጨርሱ እጸገነት ክፍሏ ገብታ ከጧት የቀቀለችውን ድስት በጨርቅ አስራ ወጣች። ያለ ጨው ነው ወይ ብላ ተናኘወርቅ ልትጠይቅ ስትል፣ «ለሱ ስሠራ ለምጄው ቀረሁ፤ አሁን እኔም ጨው አይሆነኝም» አለቻት። ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይታሠራልና ፈጠን ብለው ወረዱ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ተናኘወርቅ ድስቱን ከፍታ በጣቷ ቀመሰች። የታጠበ ጨርቅ እንደ ማኘክ ነው።

ተከስተ ሲገባ ፀሐይ ጠልቃለች፣ ብርሃኑ ግን አልሄደም። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ እህቱ ከውስጥ ወጣች። አላመነም መሰለኝ፤ አንድ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ሲሳሳሙ ተናኘወርቅ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ያን የበርበሬ ማሰሮ አቅፋዋለች፣ ለምን እንዳቀፈችው አታውቅም። «ይስሙኝ» አለች። «እርስዎ አልዋሹም። እሷም ጨው አላበላችዎትም። ጨው እዚህ ውስጥ ነበር፤ አምና በእጄ ያገባሁት። እኔ ነኝ። ነገ ሄጄ ለሃድጉ እነግረዋለሁ፤ ለሐኪሙም፤ ለነዚያ ባሬላ ተሸካሚዎችም ቆሜ እነግራቸዋለሁ።» አንቱታው ሲመለስለት የተከስተ ዓይን ከማሰሮው ወደ ፊቷ ሄደ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«እኔ እኮ» አለ ተከስተ፣ ጫማውን መሬት አስቀምጦ። «ሐኪሙም ውሸታም ሲለኝ፣ አንቺም ሳታምኚኝ ስትቀሪ... እንዲያው ራሴን ጠርጥሬ ነበር። በእንቅልፌ ተነሥቼ እበላ ይሆን? አእምሮዬን እየሳትኩ ይሆን? እያልኩ። ኡራኤል ፊት በሐሰት የማልኩ መስሎኝ ምሳዬ አልወርድ አለኝ።»

ከገደል ጫፍ ድረስ ወስዳው የነበረው በጨው ብቻ እንዳልሆነ ለተናኘወርቅ አሁን ነው የገባት። ማሰሮውን ከአጥሩ ሥር ወስዳ ደፋችው፣ ቀዩ አፈር ላይ ይበልጥ ቀላ፤ ዶሮ እንዳይለቅመው በእግሯ አፈር መለሰችበት። ገብተው ገበታ ቀረበ። ጎመኑ ነጣ ብሎ፣ ክኩ ነጣ ብሎ እንጀራው ላይ ተኛ። ሦስቱም አዩት። የገና ቀን ሐኪሙ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም፤ ለዚያ ገና ነው። ተናኘወርቅ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ደግማ ታጥባ መጣችና ቆርሳ ጠቀለለች። በዚያ በተመሰገነ እጇ ባሏን አጎረሰችው።

«ጣፈጠልዎ?» አለችው፣ ከልምድ።

ተከስተ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ዋጠ። እህቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። «ይጣፍጣል» አለ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የዋሸው ይህን ብቻ ነው።